ዕድሜዬን ያሳለፍኩበት ማብቀያ ቤት

እኔ ጡረታ ወጥቼ ብዙም ሳልቆይ ማብቀያ ቤቱን አፈረሱት። ቀድሞ ተነግሮኝ ስለነበር አልደነገጥኩም፤ ሄጄም አላየሁም። ቆርቆሮው ሲነቀል የሰማ ጎረቤት መጥቶ፣ "ማርታ፣ ቤትሽን እያፈረሱት ነው" አለኝ። ቤቴ አልነበረም፤ የመንግሥት ነው። ግን ጂንካ ውስጥ አትክልት የሚተክል ሰው ሁሉ "የማርታ ቤት" ይለው ነበር፤ ከእኔ በፊት ደግሞ "የደምሴ ቤት" ነበር። አሁን ቦታው ላይ ድንጋይ ተከምሯል፤ ሕንፃ ሊሠራበት ነው አሉ። እዚያ ውስጥ ምን እንሠራ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ብዙ አልቀረም፤ ስለዚህ እኔው ልናገር። ደስ የሚል ታሪክ ግን አይደለም።

የገባሁት ደርግ በወደቀ በዓመቱ ገደማ ነው። እኔ የአሪ ልጅ ነኝ፤ ከጂንካ በላይ፣ እንሰት ከሚበዛበት መንደር ነው የወጣሁት። ትምህርቴን ሳልጨርስ አቋርጬ ቤት ተቀምጬ ነበር። አማርኛዬ ደግሞ ሴቷን "መጣ"፣ ወንዱን "መጣች" የሚል፣ ሰው የሚያስቅ አማርኛ ነበር። የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። ውሃ መቅዳትና አፈር መንፋት ይሆናል ብዬ ነበር፤ እውነትም ውሃ መቅዳትና አፈር መንፋት ሆነ።

ጣቢያው ውስጥ አንድ ረጅም የጭቃ ቤት አለ። የጣሪያው ግማሽ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው፤ መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ፀሐይ መውጫ ያያሉ። ማብቀያ ቤት የምንለው እሱን ነው። በእኛ አገር ዋናው ዝናብ የሚገባው መጋቢት ላይ ነው። ገበሬው ያን ጊዜ በእጁ የደረሰ ችግኝ ከሌለው፣ ገና ዘር ልዝራ ቢል ወቅቱ ያመልጠዋል። ጥር ላይ ውጭ ቢዘራ ደግሞ ነፋሱ ያደርቀዋል፤ የተረፈውን ዶሮና ፌንጣ ይጨርሰዋል። ስለዚህ እኛ ጥር ላይ ቤት ውስጥ፣ በእንጨት ሳጥን እንዘራለን፤ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያ፣ በርበሬ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም። ዝናቡ ሲገባ ገበሬው በቅርጫት ይወስዳል። ሥራችን ይኸው ነበር፤ ከዝናቡ ቀድሞ መገኘት።

የቤቱ ኃላፊ ጋሽ ደምሴ ይባሉ ነበር። የጎፋ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ካኪ ኮት የሚለብሱ። ግብርና ማሠልጠኛ የተማሩ ቴክኒሻን ነበሩ። በአማርኛዬ አንድም ቀን ስቀውብኝ አያውቁም። በመጀመሪያው ቀን በርሜል ሙሉ አፈር እንጨት ላይ ጥደው ሲቀቅሉ አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ አፈር ይበላል እንዴ?" አልኳቸው።

"እኛ ካልቀቀልነው እሱ ችግኙን ይበላዋል" አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። ያልተቀቀለ አፈር ላይ የበቀለ ችግኝ፣ ማታ ደህና ቆሞ ያደረው፣ ጠዋት ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ክር አህሎ ተጋድሞ ይገኛል። አንዱ ከወደቀ ደግሞ ሳጥኑ በሙሉ ይከተላል።

የእሳቸው ልማድ ብዙ ነው። ዘር ከመዝራታቸው በፊት ትንሽ ቆንጥረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልሉና ከኮታቸው ሥር፣ ደረታቸው ላይ ይዘውት ይውላሉ፤ በሰውነታቸው ሙቀት ቶሎ ካቆጠቆጠ ዘሩ ደህና ነው። ሳጥኑን ከላይ ውሃ አያጠጡም። ውሃ በያዘ ሰፊ ትሪ ላይ ያስቀምጡትና አፈሩ ራሱ ከሥር እንዲጠጣ ያደርጋሉ። ችግኝ ወደ መስኮቱ ስለሚያዘነብል ሳጥኖቹን በየቀኑ ያዞራሉ። ጠዋት ጠዋት በእጃቸው ጀርባ የችግኞቹን አናት ዳበስ፣ ዳበስ እያደረጉ ያልፋሉ። ፍቅር መስሎኝ ነበር። "ነፋስ የማያውቅ ችግኝ ግንዱ ይቀጥናል፤ ቤት ውስጥ ነፋስ የለማ፤ ነፋሱ እኔ ነኝ" አሉኝ። ችግኝ ሲያዛውሩ ደግሞ በቅጠሉ ብቻ ይይዛሉ። ቅጠሉ ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፤ ግንዱ ከተጨመቀ ግን አለቀለት።

ሲጋራ ያጨሱ ነበር። ትምባሆ የነካ እጅ ቲማቲምና በርበሬ ላይ በሽታ ያስተላልፋል፤ ቅጠሉ ይዥጎረጎርና ይኮማተራል። ስለዚህ ወደ ቤቱ ከመግባታቸው በፊት እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠባሉ። እኔ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ ሳጥን በርበሬ ተዥጎርጉሮ አገኙ። ከኪሳቸው የሲጋራ ፓኮውን አውጥተው ምድጃው ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲያጨሱ አላየኋቸውም።

ያ በርበሬ ተራ በርበሬ አልነበረም። ዘሩን እናታቸው ከጎፋ ጓሮ የሰጧቸው ነው። በእኛ አካባቢ በርበሬ ጠዋት ለምልሞ የታየው ከሰዓት ቆሞ ይጠወልጋል፤ ሥሩን የሚይዘው በሽታ አለ። የእሳቸው ግን አይወድቅም። ፍሬው ረጅም፣ ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ሽታው ከሩቅ የሚታወቅ ነው። በየዓመቱ ከሌላው በርበሬ አርቀው ለብቻው ይተክሉና ከምርጦቹ ዘር ይይዛሉ። የአሪ ገበሬዎች "የደምሴ በርበሬ" ይሉታል፤ ሌላ ስም የለውም። "ይህ ዘር እናቴ ነች" ይሉኝ ነበር።

እኔም ቋሚ ሆንኩ፤ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ልጆች አሳደግኩበት። የጣቢያው ኃላፊዎች መጡ፣ ሄዱ። ከሁሉም የማልረሳቸው አቶ ተስፋዬን ነው፤ ከስብሰባ ሲመለሱ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ አፈር የሚነፉ ሰው ነበሩ። እሳቸው ናቸው ዲመካ ላይ ትንሽ ማብቀያ ክፍል ክፈቺ ብለው የላኩኝ። ዲመካ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ሌላ ነው። ጂንካ ላይ ችግኝ ቤት የምናስገባው ደረቁን ወራት ለማሳለፍ ነው፤ እዚያ ግን ከፀሐይ ለማዳን ነው። ቢሆንም በቀለ። በገበያ ቀን ሳጥኖቹን ደጅ አወጣለሁ፤ ከብትና ፍየል ሊሸጡ የመጡ ሁሉ እየቆሙ ያያሉ።

ኤልማን ያገኘኋት እንዲያ ነው። ከአርቦሬ፣ ከቆላው የአርብቶ አደሮች አገር ነው የመጣችው። ፍየሎቿ በድርቅ አልቀው የቀሯትን ልትሸጥ ነበር። ትንሿን ልጇን አዝላለች። አማርኛዋ የእኔን የድሮውን አማርኛ ይመስላል፤ ወደድኳት።

"ይሄ፣ እኛ አገር ይበቅላል?" አለችኝ ቲማቲሙን እያሳየች።

"ውሃ ካለ ይበቅላል።"

"ውሃ ወይጦ ወንዝ አለ። ፓምፕ እንሰጣለን ብለዋል።"

ፓምፑን የሚሰጠው ከውጭ የመጣ አንድ ፕሮጀክት ነበር። ኤልማ የሰፈሯን ሴቶች ሰብስባ አሳመነቻቸው። ነገሩን ለአቶ ተስፋዬ ነገርኳቸው፤ ጋሽ ደምሴን ይዘው መጡ፤ አብረን አርቦሬ ወረድን። ሴቶቹ የወንዙን ዳር መንጥረው አዘጋጅተውታል። ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ ማሽላ የሚዘሩበት መሬት ነው። ጋሽ ደምሴ አፈሩን ቆፍረው በእጃቸው ጨምቀው አዩት።

"አፈሩ ጥሩ ነው" አሏት ኤልማን። "ማሽላውን ግን እንዳትተዉት።"

"ለሁለቱም ጉልበት የለንም" አለች። "ማሽላው ባለፈውም፣ ከዚያ በፊትም ደርቋል። እናንተ ይበቅላል ካላችሁ፣ እናንተን እንሰማለን።"

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እሳቸውን አየሁ።

ጂንካ ተመልሰን ዘራን። ዲመካ ያለችው ክፍል ይህን ያህል ችግኝ አትችልም። ቲማቲም፣ ጎመን፣ ቃሪያ፤ ሳጥን በሳጥን ላይ። ሁሉም በወግ በቀለ። ከቤት እያወጣን ለፀሐይ እያለማመድን፣ ልንጭን ስንል በእኛ በኩል ዝናቡ ያለ ወትሮው ቀድሞ ገባ፤ ጎርፍም መንገዱን ቆረጠው። መኪና አይወርድም ተባለ። አርቦሬ ግን ጠብ አላለም።

ችግኝ አይጠብቅም። ቀኑ ካለፈ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ሥሩ ሳጥኑ ውስጥ ይጠላለፋል። ጋሽ ደምሴ ውሃ ቀነሱበት፤ ጥላ ወዳለበት አዛወሩት፤ ጫፉን ቆረጡት። በየጠዋቱ እየመጡ ይዳብሱታል፤ እሱ ግን ወደ ላይ ይሄዳል። መንገዱ ተከፍቶ አርቦሬ ስንደርስ የጫንነው የገረጣ ክር ነበር። ሴቶቹ ግን በደስታ ተቀበሉን። ተከሉ፤ ፓምፑ ውሃ አመጣ። ሙቀቱ ግን አልማረውም። በሚቀጥለው ጉዟችን ኤልማ መንገድ ላይ ጠበቀችን። መኪናው ሳይቆም፣ "ሞቱ" አለችን።

ተመልሰን ጂንካ እንደገባን ጋሽ ደምሴ ቀጥታ ወደ ማብቀያ ቤቱ ሄደው የዘር ቆርቆሯቸውን አወረዱ። ከግዢው ዘር የቀረን ጥቂት ነበር። እሳቸው የእናታቸውን በርበሬ ሙሉውን ጨርቁ ላይ ዘረገፉት።

"ጋሼ፣ ለዘር አይተርፍም?"

"ሰዎቹ ማሽላቸውን ትተው እኔ ዘር ልቆጥብ?" አሉ። "እዚያው አፍርቶ ዘር ይሰጠናል። በሽታ አይጥለውም፣ ሙቀት ይወዳል። ከዚህ የተሻለ የለኝም።"

እንደዚያኛው ዓመት ያማረ ችግኝ በሕይወቴ አላየሁም። አጭር፣ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ። አቶ ተስፋዬ ራሳቸው መኪናውን ነድተው ወሰዱን። እያንዳንዷን ሴት ጋሽ ደምሴ ቆመው አሳዩዋት፤ "በቅጠሉ ያዢ፣ ግንዱን አትንኪው።" አማርኛ የማይሰሙትም እጃቸውን አይተው ያዙት። አንዱም አልሞተ። በሌላ ጊዜ ስንሄድ አብቦ አገኘነው። ኤልማ በመደቦቹ መካከል እየሮጠች እዚህ እዩ፣ እዚያ እዩ ትላለች። ልጇ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ በጭቃ ትጫወታለች። ጋሽ ደምሴ አበባ ላይ ጎንበስ ብለው ሲያሸቱ አየኋቸው፤ የበርበሬ አበባ ግን ሽታ የለውም።

ከዚያ በኋላ ላይ በደጋው ዘነበ። አርቦሬ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ የማሽላው መዝሪያ ካለፈ በኋላ፣ ወይጦ ሞልቶ ወጣ። ወሬው ሲደርሰን ወረድን። እርሻው የነበረበት ቦታ ለጥ ያለ ቡናማ ደለል ሆኗል። ፓምፑን ወስዶታል። አንዲት ቅጠል እንኳ አትታይም። ጋሽ ደምሴ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ገቡና በእጃቸው ይቆፍሩ ጀመር። አንድ ተክል ከሥሩ አገኙ፤ አበባው በስብሷል። አቶ ተስፋዬ ክንዳቸውን ይዘው አወጧቸው።

ኤልማ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። እንድትሰድበን ፈለግሁ። ትሰድበናለች ብዬም ጠበቅሁ።

"ማሽላ አሁን ብንዘራ ይደርሳል?" ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ደምሴ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ነኝ የመለስኩላት። "አይደርስም" አልኳት።

የዕርዳታ ስንዴ መጣ፤ ዘግይቶ መጣ። ኤልማ በዚያ ዓመት ትንሿን ልጇን ቀበረች። በእናንተ የተነሣ ነው ያለን ሰው የለም። ልጆች በዚያ ዓመት ማሽላ ከዘሩትም ቤት ሞተዋል። ግን እኔ ለለቅሶ ወርጄ ኤልማ አጠገብ ስቀመጥ፣ እጄን ይዛ፣ "ጥሩ ነበር፤ አይደል? አብቦ ነበር፤ አይደል?" እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። "አብቦ ነበር" አልኳት። ቤተሰቡ ከዚያ ወዲያ ወደ ሌላ ግጦሽ ተሻገረ፤ ዳግም አላገኘኋትም።

ጂንካ ላይ የበርበሬውን ዘር ፍለጋ ገባን። ለስንቱ ገበሬ ሰጥተናል፤ አንዱ ጋ አይጠፋም ብለን በየመንደሩ ዞርን። አንዱ በልቶታል። ሌላው ከገበያ የመጣ ዘር ተክሎ እሱን ትቷል። መጨረሻ ላይ እኔው መንደር፣ አንዲት ባልቴት ጣሪያቸው ሥር በክር የሰኩት ደረቅ በርበሬ ተገኘ። ጋሽ ደምሴ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ጥር ላይ ዘራነው፤ በቀለ። ሰኔ ሲደርስ አፈራ፤ አንዱ አጭርና ድብልብል፣ ሌላው እንደ ሚጥሚጣ ቀጠን ያለ። ባልቴቷ ከሌላ በርበሬ ጋር አጠጋግተው ስለተከሉት ንቦቹ ደባልቀውታል። ጋሽ ደምሴ አንዱን ሰንጥቀው አሸተቱት።

"ሌላ ነው" አሉ።

"ከእነሱ ውስጥ እየመረጥን ብንሄድ?"

"ይሞከር" አሉኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ምንም አልነበረም። ሐምሌ ሳይወጣ ተክሎቹ አንድ በአንድ ቆመው ጠወለጉ። ያ የማይወድቀው ነገር ውስጣቸው አልነበረም።

አንድ ጠዋት ስገባ ጋሽ ደምሴ ማብቀያ ቤቱ በራፍ ላይ ተቀምጠው ሲጋራ ያጨሳሉ። ቆሜ አየኋቸው።

"ምነው ጋሼ?"

"ከእንግዲህ ምን እነካለሁ ብለሽ ነው?" አሉ።

እስከ ጡረታቸው ቢሮ መጥተው ይውላሉ፤ ወደ ሳጥኖቹ ግን አይጠጉም። ሳጥኖቹን የማዞረው፣ አናታቸውን የምዳብሰው እኔ ሆንኩ። ቤታቸው ስሄድ ስለ ጣቢያው አይጠይቁኝም። ከዚያ ታመሙ፤ በሽታው የሳንባ ነበር። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ በአሪኛ ሰላምታ ሰጡኝ፤ ያን ያህል ዓመት አብረን ሠርተን ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር። "ከየት ተማሩት?" አልኳቸው። "ካንቺ። ከችግኞቹ ጋር ስታወሪ" አሉኝ። በዚያ ሳምንት ዐረፉ። መቃብራቸው ላይ በርበሬ የሚተክል ሰው ይኖር እንደሆን ለቀስተኞቹ ጠየቁኝ። የምን በርበሬ?

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዬ ረጅም ነው፤ የምናገረው ግን ትንሽ ነው። ማብቀያ ቤቱን ተረከብኩ። አፈር ቀቀልኩ፣ ዘራሁ፣ ሰጠሁ። ዝናቡ እንደ ልቡ ሆነ፤ አንዳንዴ መጋቢት ይመጣል፣ አንዳንዴ ሚያዝያም አይመጣም፤ ችግኞቼ በቤት ውስጥ ደርሰው አርጅተው ስንቴ ለብስባሽ ጣልኳቸው። ከሌላ ከተማ ደግሞ በጭነት መኪና፣ በፕላስቲክ ትሪ የተዘጋጀ ችግኝ ይመጣ ጀመር። አንድ ዓይነት ቁመት፣ አንድ ዓይነት ቅጠል። ጥሩ ችግኝ ነው፤ ልዋሽ አልችልም፤ ምርቱም ብዙ ነው። ዘሩን ይዘህ በሚቀጥለው ዓመት ብትዘራው ግን ያንኑ አያወጣልህም። በየዓመቱ መግዛት ነው። የሚገዛ ገዛ፤ የማይችለው ወደ እኔ መጣ፤ የሚመጣውም በየዓመቱ አነሰ።

የመጨረሻዋ ኃላፊዬ ሰላማዊት የምትባል ወጣት ነበረች። ጣቢያው ለሕንፃ ይፈለጋል ሲባል ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች። አንድ ቀን ማብቀያ ቤት ገብታ ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ ማርታ፣ አልቻልኩም" አለችኝ። "ሌላ ቦታ ይሰጣችኋል ይላሉ። የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።"

"አንቺ ምን ታደርጊ፣ የእኔ ልጅ?"

"እርስዎ እንዴት ይችሉታል?"

የቲማቲሙን ሳጥን አዞርኩት። እሷም አጠገቡ ያለውን አዞረች። እንዲህ ሆነን ዋልን። የጡረታዬ ቀን ኬክ ቆረጡልኝ፤ ጋቢ አለበሱኝ። አለቀስኩ፤ በደስታ ነው ብለው አጨበጨቡ።

ጥር መጣ፤ ጥር አለፈ። ልጄ፣ "እማ፣ እዚህ መስኮት ሥር ትንሽ ለምን አትዘሪም?" አለችኝ። አንድ ጠዋት ዘር አውጥቼ እጄ ላይ ያዝኩት። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። ሰውነቴ እምቢ አለኝ እንጂ ስንፍና አይደለም።

መጋቢት ላይ ዝናቡ በቀኑ ገባ። በብዙ ዓመት አንዴ እንኳ በዚህ ልክ በቀኑ አልገባም። ቁርስ ላይ እያለን በሩ ተንኳኳ። ዮሐንስ ነበር፤ በየዓመቱ ከላይ ከመንደር ወርዶ ችግኝ የሚወስድ ሽማግሌ ገበሬ። እንሰት ቅጠል ያነጠፈበትን ቅርጫት ይዟል። ጣቢያው ሄዶ ድንጋይ ብቻ አይቶ፣ ቤቴን ጠይቆ ነው የመጣው።

"ማርታ፣ የእኔን አላስቀመጥሽልኝም?" አለኝ በአሪኛ።

"የለም፣ ዮሐንስ። ዘንድሮ አልተዘራም።"

"ትንሽም? ለጓሮዬ የምትሆን?"

"ትንሽም።"

ወደ ጓሮዬ አሻግሮ አየ፤ እውነት የለ እንደሆነ ሊያረጋግጥ።

"መሬቱን አዘጋጅቼ ነበር" አለ።

"ገበያ በትሪ አለ።"

"እሱን አልችለውም።"

"አውቃለሁ።"

ግባ፣ ቁርስ ብላ አልኩት። ይረፍድብኛል አለ። ለምን እንደሚረፍድበት ሁለታችንም አላወቅንም። ባዶ ቅርጫቱን ራሱ ላይ ደፍቶ ዳገቱን ወጣ። ዝናቡ እስከ ማታ አላቋረጠም። ለመትከል ጥሩ ዝናብ ነበር።